«ሲስተም የለም» ሲባል

በዘመናችን ባለጉዳይን ከመስኮት ፊት ለመመለስ የሚያገለግል አንድ አጭር ቃል አለ፤ እርሱም «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ቃሉ ከባንክ እስከ ቀበሌ፥ ከመብራት ክፍያ እስከ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ድረስ ይነገራል። በነቀምቴ ይነገራል፤ በጊምቢም፥ በሻምቡም፥ በደምቢ ዶሎም ይነገራል። ጸሐፊው ይህን ቃል ከተናገረ በኋላ ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ይመልሳል፤ ባለጉዳዩም ወረቀቱን አጥፎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከዚህ በኋላ የሚጠይቅ የለም። የለም የተባለ ነገር ምን ተብሎ ይጠየቃል?

ነገር ግን፥ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ አለ። የጠፋው ሲስተሙ ሳይሆን በበሩ ላይ ያለው ቦታ ነው። ቤት የለም ማለትና በሩ ሞላ ማለት አንድ አይደለም። ቤት ከሌለ ባለጉዳዩ ሌላ ቤት ይፈልግ ዘንድ ይገባዋል፤ በሩ ከሞላ ግን ጥቂት ቢታገሥ ይበቃዋል። ይህን ልዩነት ማወቅ ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ዛሬ ከመስኮቱ በስተውጭ የቆመው ወጣት ነገ በስተውስጥ ተቀምጦ ለሌላው መልስ የሚሰጥ እርሱ ነውና።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አራት መቶ ሠራተኞች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ ሁሉ ኢሜይል ሰጥቷቸዋል። መልእክቶቹ የሚቀመጡበት አንድ ሰርቨር አለ፤ ይህን የፖስታ ሰርቨር እንበለው። ከዚህም ሌላ የሠራተኞቹ ስም፥ የሥራ ክፍላቸው፥ አድራሻቸውና የይለፍ ቃላቸው የሚጠበቅበት ሁለተኛ ሰርቨር አለ፤ ይህን ደግሞ የስም መዝገብ ሰርቨር እንበለው። የፖስታው ሰርቨር ማንንም በመልኩ አያውቅም። አንድ ሰው መጥቶ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ደብዳቤዬን ስጠኝ» ሲለው፥ ወደ ስም መዝገቡ ዘወር ብሎ «ይህ ሰው በእውነት እገሌ ነውን? ሣጥኑስ የትኛው ነው?» ሲል ይጠይቃል። ደብዳቤውን የሚሰጠው መልሱን ካገኘ በኋላ ነው።

ይህ ጥያቄና መልስ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ስሙም ኤልዳፕ ይባላል። መጀመሪያ ተጽፎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፥ ከደራሲዎቹ አንዱ የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ቲም ሃውስ ነበር። ከዚያ በፊት ኤክስ 500 የሚባል እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ሰፊ ሥርዓት ነበረ፤ ነገር ግን ለዚያ ዘመን ትንንሽ ኮምፒዩተሮች እጅግ ከባድ ስለ ሆነ ቀለል ያለ መንገድ ማስፈለጉ አልቀረም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች፥ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ማንነት የሚያረጋግጡት በዚሁ ቀላል መንገድ ነው።

የስም መዝገቡ ሰርቨር ግን ትዕግሥቱም ጉልበቱም ወሰን አለው። እያንዳንዱ ጠያቂ ሲመጣ አንድ መስመር ይከፈትለታል፤ እያንዳንዱም መስመር ከማስታወሻው ላይ ጥቂት ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ልክ አበጅተውለታል። ማይክሮሶፍት የሚሠራው አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚባለው የስም መዝገብ ልኩን ካልቀየሩት በአንድ ጊዜ 5,000 መስመር ያስተናግዳል፤ ምንም ሳይጠይቅ ዝም ብሎ የተቀመጠውንም መስመር ከ900 ሴኮንድ፥ ማለትም ከሩብ ሰዓት በኋላ ይዘጋዋል። በሊኑክስ በሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሊከፍት የሚችለው የመስመርና የፋይል ቍጥር፥ ባለሙያ ከፍ ካላደረገው በቀር፥ 1,024 ሆኖ ይገኛል። ልኩ ለክፋት የተደረገ አይደለም። ልክ የሌለው በር ሁሉንም አስገብቶ ቤቱን ያፈርሳልና፤ ቤቱ ከፈረሰ ደግሞ የገባውም ያልገባውም እኩል ሜዳ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ አራት መቶዎቹ ሠራተኞች እንመለስ። ድሮ፥ ኢሜይል የሚነበበው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ብቻ በነበረ ጊዜ፥ ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ ይከፍተው፥ ማታ ሲወጣ ይዘጋው ነበር። ከአራት መቶው ሰው መካከል በአንድ ጊዜ የሚያነበው ጥቂቱ ነው። የእጅ ስልክ ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ስልክ ከባለቤቱ ኪስ ሆኖ፥ ባለቤቱ እያወጋም፥ እየበላም፥ ተኝቶም ሳለ፥ «አዲስ ደብዳቤ አለ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። አራት መቶው ስልክ ሁሉ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ይጠይቃል እንበል። የፖስታው ሰርቨር ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ስም መዝገቡ አዲስ መስመር ይከፍታል፤ መልሱን ካገኘ በኋላ ግን መስመሩን መዝጋት ይረሳል እንበል። የስም መዝገቡም የተረሳውን መስመር ሩብ ሰዓት ይጠብቀዋል። በሩብ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ስልክ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ አራት መቶ 1,200 ነው። ልኩ 1,024 ከሆነ በሩ ሞላ!

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ከነዚህ 1,200 መስመሮች ውስጥ በእውነት ሥራ የሚሠራው ምን ያህል ነው? አንዱ ጥያቄ ግማሽ ሴኮንድ ቢፈጅ፥ በማንኛውም ቅጽበት በሥራ ላይ ያለው መስመር በአማካይ አንድ እንኳ አይሞላም። የቀሩት ሁሉ ቦታ ይዘው የተቀመጡ ባዶ ወንበሮች ናቸው። ሰርቨሩ የደከመው ከሥራ ብዛት ሳይሆን ከሥራ ፈት ብዛት ነው።

ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ የምጠቅሰው የቦኖ ውኃን ነው። ውኃ በሚጠፋበት ወራት በቦኖው ፊት ጀሪካን ተሰልፎ ያደረበትን ከተማ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር አስቀምጦ፥ ሞልቶ እየፈሰሰ፥ እርሱ ግን ወደ ገበያ ቢሄድ ሰልፉ ይቆማል። ቧንቧው አልደረቀም፤ ውኃውም አልጠፋም፤ ነገር ግን ከኋላ ላለችው ሴት ቦኖው እንደሌለ ነው። «ምን ይደረግ?» ብዬ ስጠይቅ ከተማሪዎቹ ግማሾቹ «ሌላ ቧንቧ ይተከል» ይላሉ፤ ግማሾቹ «የሞላው ጀሪካን ይነሣ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን የሞላውን ማንሣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህም ቅድሚያ የሚገባው እርሱ ነው።

ሒሳቡም ይህንኑ ይመሰክራል። የስም መዝገቡ ሥራ ፈት መስመርን ሩብ ሰዓት መጠበቁን ትቶ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢጠብቅ፥ የሚያዘው መስመር ከ1,200 ወደ 80 ይወርዳል። አንድ ብር ሳይወጣ፥ አንድ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ፥ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ስንት መስመር ይበቃል የሚለው ጥያቄ የኮምፒዩተር ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ከስልክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመው በ1945 ዓ.ም. ነው። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቍጥር ከ78 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በነዚህ ዘመናት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሰው ብዙ፥ መስመር ጥቂት።

ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ በሒሳብ መልስ የሰጠው ሰው የሙያ ባልደረባችን ነበር ብል ደስ ይለኛል። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ ለብዙ ዓመታት በመምህርነት ካገለገለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1908 በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሥራ ያዘ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1909፥ የመጀመሪያውን ጥናቱን አሳተመ፤ በ1917 ደግሞ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀመር አወጣ። የቀመሩን ጥቅም በትንሽ ምሳሌ እንየው። ወደ አንድ ከተማ በሰዓት 20 ጥሪ ይመጣል፤ እያንዳንዱም ንግግር በአማካይ 9 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 20 ጊዜ 9 ደቂቃ 180 ደቂቃ፥ ማለትም ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ያልተማረ አእምሮ «ሦስት መስመር ይበቃል» ይላል። ኤርላንግ ግን አይበቃም ይላል። ሰዎች ተራ ጠብቀው አይደውሉምና፥ መስመሩ ሦስት ቢሆን ከመቶ ጥሪ 35 ያህሉ መስመር ተይዟል ተብለው ይመለሳሉ። መስመሩ አምስት ቢሆን የሚመለሱት 11 ናቸው። ስምንት ቢሆን ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። መጀመሪያ፥ በአማካይ ብቻ አስቦ መስመር የሚቈርጥ ሰው ከሦስት አንዱን ባለጉዳይ እየመለሰ «ሒሳቤ ትክክል ነው» ሊል ይችላል። ሁለተኛ፥ መስመር በዘፈቀደ መጨመርም አያስፈልግም፤ ከስምንተኛው መስመር በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ትርፉ ትንሽ ነው። የሚያስፈልገው ቈጥሮ ማወቅ ነው።

እንግዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት ይህ ጭንቅ ቢመጣ ባለሙያው ምን በቅደም ተከተል ያድርግ? መጀመሪያ ይቍጠር። በጠዋት፥ በቀትርና በማታ ስንት መስመር ተከፍቷል? ከነዚያስ ስንቱ ሥራ ላይ ነው? ይህን ለአንድ ሳምንት ሳይመዘግብ ልኩን የሚነካ ሰው በሽታ ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚሰጥ ነው። ሁለተኛ፥ ሥራ ፈቱን መስመር ቶሎ እንዲዘጋ ያድርግ። ሦስተኛ፥ የፖስታው ሰርቨር ለእያንዳንዱ ስልክ አዲስ መስመር መክፈቱን ትቶ፥ ሃያ ወይም ሠላሳ መስመር አዘጋጅቶ በተራ እየተጠቀመ እንዲሠራ ያድርግ፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አዲስ ብስክሌት አይገዛምና። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የፖስታው ሰርቨር የያዘውን መስመር የሚያድስበት ጊዜ የስም መዝገቡ ከሚዘጋበት ጊዜ ማጠር አለበት፤ አለበለዚያ የተዘጋ መስመር ይዞ «አለኝ» እያለ ይጠይቅበታል፤ መልስም አያገኝም።

አራተኛ፥ ይህ ሁሉ ተደርጎ በሩ አሁንም ከጠበበ ልኩን ከፍ ያድርግ፤ ሆኖም የኮምፒዩተሩን ማስታወሻና የሥርዓቱን የፋይል ልክ አብሮ አይቶ፥ በጥቂት በጥቂቱ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና። አምስተኛ፥ አንድ ሰርቨር ካልቻለ የስም መዝገቡን ቅጂ በሁለተኛና በሦስተኛ ሰርቨር ላይ አኑሮ ጠያቂዎቹን ያከፋፍል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የአባቶች ቃል ከዚህ የተሻለ የሚፈታው ምሳሌ አላገኘሁም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ለአዲስ አበባም፥ ለኮፐንሃገንም ይሠራል። ለወለጋ ከተሞች ግን ተጨማሪ ነገር አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ በጊምቢና በሻምቡም ግቢ ከፍቷል፤ በደምቢ ዶሎም ከዚያ ወዲህ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። ከነዚህ ከተሞች ወጥቶ ወደ መንዲ፥ ወደ ቤጊ፥ ወደ ጃርቴ የሚሄድ ሰው ግን የስልኩ አንቴና ምልክት እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ያያል። በዚያ ያለ መምህር ወይም የጤና ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሥራ ኮምፒዩተር የለውም፤ መሥሪያ ቤቱም ቢሮውም ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ሴኮንድ የሚወርደው ደብዳቤ በርሱ ዘንድ አንድ ደቂቃ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

አሁን አንድ ባለሙያ በዋናው ከተማ ተቀምጦ፥ «በሩ ተጨናንቋል፤ ከአሥር ሴኮንድ በላይ የቆየውን ሁሉ አስወጡ» ብሎ ቢያዝዝ ማን ይወጣል? በፈጣን መስመር ላይ ያለው ጉዳዩን ፈጽሞ ሄዷል፤ እርሱን ትእዛዙ አይነካውም። የሚወጣው ከሩቅ የመጣው፥ መንገዱ ረጅም የሆነበት ነው። ስልኩም ስለ ተቋረጠ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገናም ይቋረጣል። በመጨረሻም ባትሪው ያልቃል፤ የከፈለበትም የኢንተርኔት ጥቅል ደብዳቤውን ሳያደርስ ያልቃል። አዛዡ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓቱን የለካው ግን በራሱ ቢሮ ነው። እንዲህ ያለው ልክ ለሁሉም እኩል ሆኖ ይጻፍ እንጂ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም።

መፍትሔው ሁለቱን በሮች ለይቶ ማየት ነው። በስልኩና በፖስታው ሰርቨር መካከል ያለው የፊት በር ነው፤ በፖስታው ሰርቨርና በስም መዝገቡ መካከል ያለው የጓዳ በር ነው። የፊት በር ታጋሽ ይሁን፤ የሩቁ ሰው በዝግታ እየሄደ ይድረስ። የጓዳው በር ፈጣን ይሁን፤ የፖስታው ሰርቨር የሰውየውን ማንነት በግማሽ ሴኮንድ ጠይቆ መስመሩን ይልቀቅ፤ ደብዳቤው በቀጭኑ መንገድ እየተንጠባጠበ ሲወርድ የስም መዝገቡን ይዞ አይጠብቅ። ጭንቅ የሚመጣው ሁለቱ ተሳስረው፥ የመንዲው ሰው ዝግታ እስከ ጓዳ ድረስ ሲገባ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ግን ዝግተኛው ማንንም አያስቸግርም፤ ማንም እርሱን የሚያስወጣበት ምክንያት አይኖርም።

አንድ ሌላም የፍርድ ጉዳይ አለ። አንዳንዱ ሰው በስልኩ፥ በሁለተኛ ስልኩ፥ በታብሌቱና በላፕቶፑ አንድ ጊዜ ይገባል፤ እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። በሩ ሲሞላ ልኩ በጠቅላላው ቍጥር ላይ ብቻ ከተደረገ፥ አራት መሣሪያ ያለው አራት ቦታ ይዞ፥ አንድ ስልክ ያለው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የጠቅላላው ልክ ብቻ ሳይሆን የየሰውም ልክ ሊኖር ይገባል። የአለቃን መሣሪያ የሚቈጥር ወጣት ባለሙያ ድፍረት እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ ቍጥሩን በወረቀት ይዞ ከቀረበ ግን ሒሳብ ማንንም አያዋርድም።

ተማሪዎች ደግሞ ይህን ነገር በአንድ ሌሊት በደንብ ያዩታል፤ እርሱም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚለቀቅበት ሌሊት ነው። በ2016 ዓ.ም. ለዚህ ፈተና የተቀመጡት ተማሪዎች ከ670,000 በላይ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቁ በየሴኮንዱ 186 ጥያቄ ይመጣል። አንዱ ጥያቄ ሁለት ሴኮንድ ቢፈጅ በአንድ ጊዜ የሚያዘው መስመር 372 ነው፤ ይህ ለደኅና ሰርቨር የሚከብድ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚተው ተማሪ ማን አለ? ገጹ ካልተከፈተ እንደገና ይነካዋል፤ ወንድሙም ይሞክርለታል፥ አጎቱም ከአዲስ አበባ ይሞክርለታል። አንዱ ተማሪ አሥር ጊዜ ቢሞከርለት 186ቱ ጥያቄ 1,860 ይሆናል። ሰርቨሩ ሲዘገይ ሰው ይቸኩላል፤ ሰው ሲቸኩል ሰርቨሩ ይብስ ይዘገያል።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ተፈታኞች ምክሬ አጭር ነው። ገጹ ካልተከፈተ ወዲያው ደጋግማችሁ አትንኩት። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ቀጥሎ ሁለት፥ ቀጥሎ አራት፥ ቀጥሎ ስምንት። በሚገባ የተሠሩ ፕሮግራሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም ሁሉም በአንድ ቅጽበት ተመልሰው እንዳይጋጩ የመጠበቂያውን ጊዜ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚጠየቅበት መንገድ ከተከፈተም በርሱ ተጠቀሙ። ውጤቱ ሌሊት ስድስት ሰዓት ታየ ወይም ማለዳ ታየ፥ ቍጥሩ ያው ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ እንመለስ። ኤልዳፕ ጠያቂን ሲመልስ እንኳ እንደኛ በአንድ ቃል አይመልስም። ለእያንዳንዱ እምቢታ የተለየ ቍጥር አለው። 49 ሲል «የሰጠኸኝ የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም» ማለቱ ነው። 51 ሲል «ሥራ በዝቶብኛል፤ ቆይተህ ተመለስ» ማለቱ ነው። 52 ሲል «አሁን አገልግሎት መስጠት አልችልም» ማለቱ ነው። ሦስቱም እምቢታዎች ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጥፋቱን ከጠያቂው ያደርጋል፥ ሁለተኛው ጊዜን ይጠይቃል፥ ሦስተኛው ሌላ በር ፈልግ ይላል። ከሦስቱ ይልቅ ክፉው ምንም ቍጥር ሳይሰጥ መስመሩን በዝምታ መቍረጥ ነው። በሩ ፈጽሞ ሲሞላ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ያን ጊዜ አንዳንዱ የፖስታ ፕሮግራም መልስ ስላጣ ብቻ «የይለፍ ቃልህን እንደገና ጻፍ» ይላል። ሰውየውም የገዛ ቃሉን ይጠራጠራል፤ ይለውጠዋል፤ ነገሩንም ያባብሰዋል። በሩ የሞላበት ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ይመለሳል።

አንድ ብረት ሦስት ዓይነት እምቢታ ካለው፥ እኛ ሰዎች አንድ ብቻ መያዛችን አያሳፍርምን? ከአርጆ በማለዳ ተሳፍሮ የመጣን ሽማግሌ «ሲስተም የለም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። «አባባ፥ መስመሩ ተጨናንቋል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይቀላል፤ ያን ጊዜ ይመለሱ» ማለት ግን ከዚያ የሚበልጠው በጥቂት ቃል ብቻ ነው። «እናቴ፥ የሰጡኝ ቍጥር ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም፤ መታወቂያዎን እንደገና እንየው» ማለትም እንዲሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ባለጉዳዩ ወጪውንም፥ ቀኑንም፥ የማታ ማደሪያውንም የሚያሰላው በምንሰጠው መልስ ነው።

እውነተኛ መልስ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በር የሚዘጋው በመጨናነቅ ብቻ አይደለምና። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ በቄለም ወለጋ፥ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ፥ ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ያ የመስመር ጥበት አልነበረም፤ በሰው ውሳኔ የተዘጋ በር ነበር። በነዚያ ወራት በዚህ አገር ልጁ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ በመኪና የሄደ ሰው ነበረ። የሞላ በር፥ የተበላሸ በርና የተዘጋ በር ሁሉ «ኔትወርክ የለም» በሚል አንድ ቃል ሲሸፈኑ፥ ባለሙያው መጠገን ያለበትን አያውቅም፤ ሕዝቡም ማንን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም። በአንድ ቃል የተሸፈነ ጥፋት ባለቤት የለውም።

ለጀማሪ ሠራተኞች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በጠረጴዛችሁ ላይ አንድ ደብተር አኑሩ። ሲስተሙ ሲቆም ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የታየውን ጽሑፍና ቍጥር፥ ስንት ሰው እንደ ተመለሰ ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ዘወትር ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚቆም ከሆነ በሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ልኩ ይታይ። ዝናብ በመጣ ቍጥር የሚቆም ከሆነ ጉዳዩ የመብራትና የመስመር ነው። በዘፈቀደ የሚቆም ከሆነ ሰርቨሩ ይመርመር። ይህን ደብተር ይዞ ወደ ባለሙያው የሚሄድ ሠራተኛ አቤቱታ ሳይሆን ማስረጃ ይዞ ሄደ። ኤርላንግም በኮፐንሃገን የጀመረው ጥሪን ከመቍጠር ነው።

ደብተሩ አምስት ብር አያስቆጥብ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአርጆ የመጡትን ሽማግሌ የሁለተኛ ቀን መንገድ ሊያስቀርላቸው ይችላል።